ቡታጅራ ለቤተሰብ፦ ከከተማው ይልቅ ሰፈሩን ምረጡ

አዲስ አበባን ለቆ ትንሽ ከተማ ለመግባት የሚመክር ቤተሰብ ከሚያነሣቸው ስሞች አንዱ ቡታጅራ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ አየሩ ወይና ደጋ ነው፣ ሆስፒታል አለው፣ ገበያው የጠገበ ነው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኗል፤ የዞን ጉዳይ ላለው ሰው ወልቂጤ ድረስ መመላለስ ቀርቶለታል።

ግምገማችንን ከፊት እናስቀምጠው። ልጆቹ ገና 8ኛ ክፍል ላልደረሱ፣ ገቢው በየቀኑ አዲስ አበባ መግባትን ለማይጠይቅ ቤተሰብ ቡታጅራ ጥሩ ከተማ ነው። ነገር ግን «ቡታጅራ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ለተከራይም ለገዢም ብዙ አይጠቅመውም። እዚያው ከተማ ውስጥ በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ያለው የውሃ፣ የመብራትና የወባ ልዩነት፣ ቡታጅራን ከጎረቤት ከተሞች ከሚለየው ነገር ይበልጣል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በከተማው ስም ላይ ሳይሆን ቤት ከመያዙ በፊት በእጅ ተነክቶ፣ በዓይን ታይቶ መረጋገጥ በሚገባው ላይ ነው።

ላይና ታች

ቡታጅራ ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠ ከተማ ነው። በምዕራብ በኩል ከ3,700 ሜትር በላይ የሚረዝመው የዘቢዳር ተራራ አለ፤ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ቀስ በቀስ ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ወደ ማረቆና ወደ መቂ ይወርዳል። ከተማው ራሱ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ይህን መልክዓ ምድር በአእምሮ መያዝ ግማሹን ሥራ ያቀላል፤ ወደ ተራራው የተጠጋ ሰፈርና ወደ ሸለቆው የወረደ ሰፈር አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩምና።

ከፍ ያለው ወገን ይቀዘቅዛል፣ ለምንጭ ይቀርባል፣ ትንኝም ይቀንስበታል። ችግሩ ጎርፍ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ቦዩን ሞልቶ ወደ ግቢ ይገባል፣ ኮረኮንቹን ቦርቡሮ መኪና እንዳያልፍ ያደርጋል። ዝቅ ያለው ወገን ሜዳ ነው፣ ለመሥራት ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይረክሳል። የሚረክሰው ግን በምክንያት ነው።

አንደኛው ምክንያት ወባ ነው። በኢትዮጵያ የወባ ወሰን ተብሎ በልማድ የሚጠቀሰው 2,000 ሜትር ነው፤ ቡታጅራ አፋፉ ላይ ናት። ሙቀቱ ከፍ ባለባቸው ዓመታት ወባ ከዚያ ወሰን ሽቅብ ይወጣል። ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላም ትንሽ ብቅ ይላል። ትንንሽ ልጆች ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ በታችኛው ወገን ቤት ከመያዙ በፊት ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፦ «ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር ከዚህ ሰፈር በምርመራ የተረጋገጠ ወባ ነበረ ወይ?» ደላላ ይህን አያውቅም፤ እሷ ግን መዝገብ ትይዛለች።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ቤት ያንቀሳቅሰዋል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግቢው ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ዋልካ ነው። በክረምት ስትጎበኙ ስንጥቁ ስለሚከደን ግድግዳውን ተመልከቱ፤ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚሄድ ስንጥቅ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይናገራል። በአዲስ ልስን ተሸፍኖ ከሆነ በጣት አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ በቅርቡ የተለሰነ ነው። የሚሠራ ሰው ደግሞ ዋልካውን እስከ ጠንካራው አፈር አስቆፍሮ በገረጋንቲ ሞልቶ፣ በየንብርብሩ እያስጠቀጠቀ ካልሆነ ብሎኬት ባይደረድር ይሻለዋል።

ውሃ

ውሃ በፈረቃ ነው ብላችሁ ተነሡ። ጥያቄው «ውሃ አለ ወይ» ሳይሆን «በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ግፊት» ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ብትይዙ አምስት ሰው ያለበት ቤት 200 ሊትር፣ ማለትም 10 ጀሪካን ይፈጃል። 2,000 ሊትር ሮቶ እንግዲህ 10 ቀን ያቆያል። የልብስ ማጠቢያ ቀንና እንግዳ ሲጨመርበት ግን 7 ቀን ብላችሁ ቁጠሩት። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ 2,000 ሊትሩ ልክ ነው፤ በ10 ቀን አንዴ ከሆነ 3,000 ሊትር ያስፈልጋል። 1,000 ሊትር ሮቶ ያለው የኪራይ ቤት ለባለትዳርና ለአንድ ሕፃን እንጂ ለትልቅ ቤተሰብ አይበቃም።

የሮቶው ከፍታም ይታይ። ውሃ 10 ሜትር ሲወጣ 1 ባር ግፊት ይጠይቃል። የመስመሩ ግፊት ደካማ በሆነበት ሰፈር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ባዶውን ይከርማል። እንዲህ ባለው ቦታ ትክክለኛው አሠራር መሬት ላይ 1,000 ሊትር መቀበያ አድርጎ ከእሱ በትንሽ ፓምፕ ወደ ላይኛው ሮቶ መግፋት ነው። ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ መግጠም ግን የተከለከለ ነው፤ የጎረቤትን ውሃ ከመቀማቱም በላይ ቱቦው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ቆሻሻ ይስባል። ሰፈሩ ውስጥ ይህ ልማድ ከተስፋፋ እናንተ በሕጉ ብትሄዱም ውሃው አይደርሳችሁም፤ ያን ሰፈር እለፉት።

የሰፈር ውሃ የሚታወቀው ከጀሪካኑ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሰፈሩ እለፉ። በየግቢው ግድግዳ ጥግ ተደርድረው የቆሙትን ቢጫ ጀሪካኖች ቁጠሩ፤ ክዳናቸው በፌስታል ታስሮ፣ ጎናቸው ተላልጦ፣ ቂጣቸው በጭቃ ጠቁሮ ከሆነ በየቀኑ ይጓዛሉ ማለት ነው። አህያ በጋሪ ውሃ ስትጭን ካያችሁ ለባለጋሪው ሰላምታ ስጡና ከየት እንደሚቀዳ፣ በበጋ በቀን ስንት ጊዜ ወደዚያ ሰፈር እንደሚመላለስ ጠይቁት። ከእሱ የሚበልጥ የውሃ ባለሙያ የለም።

የግቢ ጉድጓድ ያለው ቤት ሲቀርብላችሁ ሁለት ነገር ይጣራ። መጀመሪያ ርቀቱ፤ ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ ይህ ብዙውን ጊዜ አይሆንም፤ የጎረቤትንም ሽንት ቤት መቁጠር አትርሱ። ሁለተኛው ፍሎራይድ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ማዕድን። በስምጥ ሸለቆው ወለል፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ወደ ተራራው ስትጠጉ ይቀንሳል፣ ወደ ሸለቆው ስትወርዱ ይጨምራል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋውም፤ ውሃው በእንፋሎት ሲያንስ የቀረው ውስጥ ያለው እንዲያውም ይወፍራል። የቋሚ ጥርሳቸው ገና ከድድ በታች እየተሠራ ያለ ልጆች፣ በግምት እስከ 8 ዓመት ያሉት፣ ናቸው በጥርስ መበለዝ የሚጎዱት። ስለዚህ ከከተማው በስተምሥራቅ ጉድጓድ ያለው ግቢ ስትገዙ ውሃውን በላቦራቶሪ አስመርምሩ። የማይቻል ከሆነ እዚያው የተወለዱ የ10 እና የ12 ዓመት ልጆችን የፊት ጥርስ ማየት ፍንጭ ይሰጣል።

የጣሪያ ውሃ በዚህ አገር ያለ አግባብ ይንቋሸሻል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። 80 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 800 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈሰውንና የሚተነውን ብትቀንሱ 640 ሊትር ይቀራል። አንድ ደህና የሐምሌ ዝናብ የሦስት ቀን ውሃ ሰጠ ማለት ነው። አሸንዳ ያለው ቤት ከሌለው ይመረጣል። የመጀመሪያውን የጣሪያ እጣቢ ማፍሰስ፣ ለልብስና ለሽንት ቤት ማዋል፣ ለመጠጥ ግን አለማዋል ነው።

መብራት

መብራት ስለመጥፋቱ ሁሉም ሰው ያወራል። ቤተሰብን ይበልጥ የሚያማርረው ግን የቮልት መውረድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቱ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ኃይሉ ከቮልቱ በፈጠነ መጠን ስለሚቀንስ ምጣዱ 3,500 መሆኑ ይቀርና 2,350 ዋት አካባቢ ይሆናል፤ ሲሶው ሙቀት ጠፋ። ያኔ ሊጡ ምንም ያህል ቢብላላ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ላይ ይይዛል፣ ዳሩ ይደርቃል። ብዙ ሰው ጤፉን ወይም ምጣዱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ ነው።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ቮልት መለኪያ ይዛችሁ ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩ፤ አንዴ ቀን 5 ሰዓት ላይ፣ አንዴ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። ማታ ከ200 በላይ ካነበበ ቤቱ ይያዝ። ከ190 በታች ከሆነ ማታ መጋገር የለም፤ ጠዋት በጊዜ ወይም ቀን መጋገር ነው። ከ170 በታች ከሆነ ፍሪጁም አይተርፍም፤ ኮምፕረሰሩ መነሣት አቅቶት እየተንቀጠቀጠ ይቃጠላል። ለፍሪጅ ስታቢላይዘር (ቮልት ማስተካከያ) ይረዳል፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚያገናኘው። ለምጣድ የሚሆን ስታቢላይዘር ግን ዋጋው ከምጣዱ ይበልጣል፤ አይመከርም።

ቀጥሎ ሽቦው ነው። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ርቀት፣ የሽቦው ውፍረት፣ ከጎረቤት የተቀጠለ መስመር መሆን አለመሆኑ ይታይ። የምጣድ መስመር ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እንጂ ባለ 2.5 መሆን የለበትም፤ ሶኬቱ ቡናማ ከሆነ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ከሸተተ መልሱ ተገኝቷል።

የጋራ ቆጣሪ የሌላ ጣጣ ምንጭ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሠራው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው በጣም ርካሹ ሲሆን ከ500 በላይ ያለው ውዱ ነው። ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሦስቱም ተደምረው ላይኛው እርከን ላይ ይወጣሉ፤ ለየብቻ ቢሆኑ የማይከፍሉትን ይከፍላሉ። የራሱ ቆጣሪ ላለው ክፍል በወር ትንሽ ጨምሮ መከራየት ያዋጣል። ውዝፍ ዕዳ ቆጣሪውን ተከትሎ ስለሚቀር የመጨረሻውን ደረሰኝ ሳታዩ ውል አትፈርሙ።

መሬትና ሰነድ

ለመግዛት የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ቢከራይ እንመክራለን። ክረምትና በጋ ያልታየበት ግቢ አይታወቅም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። ከከተማው ጠርዝ ላይ «የገበሬ መሬት ነው፣ ውሉን ሽማግሌ ይፈርምበታል» ተብሎ የሚቀርብ ቦታ የጨረቃ ቤት መሬት ነው። ማስተር ፕላኑ ሲደርስ ይፈርሳል፣ ካሳ አይጠየቅበትም፣ ውሃና መብራት በስሙ አይገባለትም። ርካሽነቱ ብቻውን ምልክት ይሁናችሁ። ትክክለኛው ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው፣ የዘመኑ ግብር የተከፈለበት፣ ከማዘጋጃ ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ የሚረጋገጥለት ነው። ካርታው ላይ ያለውን ካሬ በሜትር ለኩት፤ አጥሩ ወደ መንገድ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ተገፍቶ ከሆነ ትርፉ የእናንተ አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ውርስ ከሆነ የሁሉም ወራሾች። በዚህ አካባቢ ከወራሾቹ አንዱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ውክልናውን አጥብቃችሁ መርምሩ። ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ አገር ውስጥ በሰነድ አረጋጋጭ መመዝገብ አለበት፤ «መሸጥ መለወጥ» የሚለው ሥልጣንም በግልጽ መጻፍ አለበት። ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት አያሸጥም።

የጭቃ ቤት መናቅ የለበትም፤ ሙቀት ይይዛል፣ በርካሽ ይጠገናል። የባህር ዛፉ ማገር ግን በምስጥ ይበላል። የግድግዳውን ግርጌ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ቢላው ያለ ችግር ከገባ ቤቱ ቆሞ ያለው በልስኑ ነው። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ጌጅ በብዙ ይበልጣል።

ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤት የመምጫውን ጊዜ ይወስናል። ምዝገባ የሚካሄደው በክረምቱ ነው፤ ዓመቱ ከተጋመሰ የሚመጣ ልጅ ቦታ ቢያገኝም ከኋላ ይቀራል። የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁት በየክልሉ ስለሆነ የአዲስ አበባው የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ከዚያኛው ጋር አንድ አይደለም፤ የአካባቢ ቋንቋ በትምህርት ዓይነትነት ይሰጥ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር መላመጃ ያስፈልገዋል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወይም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያለው ልጅ ግን የፈተና ምዝገባው በዓመቱ መካከል ስለሚያልቅ ያን ዓመት ባለበት ይጨርስ። በዚህ ላይ አንደራደርም።

በቋንቋ በኩል ችግር አይገጥምም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከተማው ውስጥ የመስቃን፣ የሶዶ ክስታኔ፣ የስልጤና የማረቆ ልጆች አብረው ይማራሉ፣ በእረፍት ሰዓትም አማርኛ ይነጋገራሉ።

የግል ትምህርት ቤት ሲታይ ከቀለሙና ከዩኒፎርሙ ይልቅ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ዕውቅናው እስከ ስንተኛ ክፍል ነው፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህሩስ እዚያ ሲያስተምር ስንተኛ ዓመቱ ነው? በትንሽ ከተማ ጥሩ መምህር የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል፤ በየዓመቱ መምህር የሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት ክፍያው ለሕንጻው ብቻ ነው።

ሕክምና፣ መንገድ፣ ጸጥታ

በጤና በኩል ቡታጅራ ከእኩዮቿ ትሻላለች። የመንግሥት ሆስፒታል አለ፤ ግራርቤት ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፤ ለከበደ ነገር ወደ ደቡብ ወራቤ ላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለመሆን የምዝገባ ወቅት ስላለው እንደገባችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ካለፋችሁ እስከሚቀጥለው ዙር ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። መድኑ የሚሠራው በቅደም ተከተል ነው፤ ጤና ጣቢያ ሳይልካችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ብትገቡ ጥቅሙን ታጣላችሁ። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ኢንሱሊን በፍሪጅ ስለሚያስቀምጥ ከላይ ያልነው የቮልት ጉዳይ ለእሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የካንሰር ክትትል ያለው ሰው ግን ሐኪሙን ከአዲስ አበባ ሳይለቅ ትንሽ ከተማ መግባቱን አንመክርም፤ መንገዱ በሰላም ቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

መንገዱ በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያ፣ በቡኢና በኬላ አልፎ ይመጣል። ሕዝቡ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በማኅበር ተደራጅቶ ገንዘብ አዋጥቶ ያስጀመረው መንገድ ነው፤ የአካባቢው ሰው ስለሱ ሲያወራ ኩራቱ ይታያል፣ ይገባዋልም። ጊዜ የሚበላው ገጠሩ ሳይሆን ከጀሞ እስከ ዓለም ገና ያለው መጨናነቅ ነው። ከአዲስ አበባ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት የወጣና ከ2 ሰዓት በኋላ የወጣ ሰው መንገዱ አንድ አይደለም። ማታ ከመጓዝ ተቆጠቡ፤ ከብትና ጋሪ አስፋልት ላይ ናቸው። በሳምንት አንዴ የሚመላለስ ሰው ይችለዋል። በየቀኑ እመላለሳለሁ የሚል ግን በወር ውስጥ ይሰለቸዋል፤ ለእሱ ቡኢ ወይም ጢያ ይሻሉታል፣ ምንም እንኳ በትምህርት ቤትና በሕክምና ከቡታጅራ ቢያንሱም።

የመስቀል ሰሞን ከተማውን አትገምግሙ። ከመስከረም 10 ጀምሮ የጉራጌ ልጅ ሁሉ አገሩ ይገባል፤ መኪና አይገኝም፣ ሥጋና ቅቤ ይወደዳል፣ ባለቤቶች እንግዳ ስላለባቸው ቤት የሚያሳይ የለም። በአረፋ ሰሞንም ተመሳሳይ ነው። ሁለቱን ትክክለኛ የጉብኝት ወራት እንጠቁም፦ ለጭቃና ለጎርፍ ነሐሴ፣ ለውሃና ለአቧራ የካቲት።

ጸጥታን ማድበስበስ አይገባም። በመስቃንና በማረቆ ወረዳዎች መካከል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተደጋጋሚ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። ከተማው ውስጥ ኑሮ ይቀጥላል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ማረቆና ወደ ዝዋይ የሚወስደው መንገድ ግን ሁኔታው ይለዋወጣል። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ መስመር የሚሠራ ሚኒባስ ሹፌር በዚያ ሳምንት እየሄደ መሆኑን አጣሩ። በከተማው ጠርዝ መሬት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቦታው በየትኛው ቀበሌና ወረዳ እንደሚተዳደር፣ ወሰኑ ላይ ክርክር አለ ወይ የሚለውን ከሁለቱም ወገን ጠይቁ። ክርክር ያለበት መሬት ካርታ ቢኖረውም አይገዛም።

ገበያ

እዚህ ላይ ከተማዋን ሳናመሰግን ማለፍ አንችልም። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቅቤው ከምንጩ ነው፤ ክትፎ በዓል የሚጠበቅበት ምግብ አይደለም። የማረቆ በርበሬ የሚባለው ከዚሁ ሥር ይበቅላል። የዓመት በርበሬ የሚገዛው አዲሱ ምርት ደርሶ ገበያ ሲሞላ፣ ከኅዳር በኋላ ነው። ዛላውን ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ ነቅንቁት፤ ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። ለስላሳና ከባድ ከሆነ እርጥብ ነው፤ ክብደቱን ከፍላችሁበት ቤት ስትደርሱ ይቀላል፣ ሳይሰጣ ከተከማቸም ይሻግታል። ውስጡን ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ግራጫ ብናኝ ካለው ሻግቷልና አይወሰድ። በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ሚዛኑን እዩት።

ጭነትና የመጀመሪያው ሳምንት

ከመነሣታችሁ በፊት ከወረዳው መሸኛ አውጡ፤ ያለ እሱ አዲሱ ቀበሌ ነዋሪ አድርጎ አይመዘግባችሁም። የቤት ኪራይ ውል፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የፋይዳ ቁጥር ይጠየቃል። ከልጆቹ ትምህርት ቤት መልቀቂያውንና የየክፍሉን ውጤት በማኅተም አስወጡ፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ከሆነ እዚያው አስደግሙ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ማኅተም ማስመታት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ለሦስት ክፍል ቤት ዕቃ አንድ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ይበቃል። በዋጋ ስትስማሙ ጫኝና አውራጅን ለይታችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ክርክር የሚነሣው ሲወርድ ነው፤ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መኪናው እንደቆመ ይመጣሉ፣ ዕቃው መኪና ላይ እያለ ድርድር የለም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሰው ልካችሁ ዋጋውን በቁርጥ ተስማሙ፣ ፍሪጅና ቁምሳጥን ይጨምራል አይጨምርም የሚለውን ጭምር። ፍሪጁ ቆሞ ይጫን፤ የግድ ከተጋደመ ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁት በኋላ ሳትሰኩት ብዙ ሰዓት ይቆይ፣ ከተቻለ ይደር። ዘይቱ ወደ ኮምፕረሰሩ ካልተመለሰ በመጀመሪያው ቀን ይበላሻል።

ዕድር በመጀመሪያው ወር ይገባል። አዲስ ገቢ መግቢያ የሚከፍለው ነባሮቹ ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለብረት ድስቱ ያዋጡትን ድርሻ ለማስተካከል ስለሆነ ተከራካሪ አትሁኑ፤ ይልቅ ተከራይ ይቀበላል ወይ፣ አባልነቱስ ከስንት ወር በኋላ ይጸናል የሚለውን ጠይቁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና የውሉ ኮፒ ከዕቃው ጋር አይጫኑ፤ በእጅ ቦርሳ ከእናንተ ጋር ይጓዙ።